ነጭ ሽንኩርቱ ያላቃጠለኝ ቀን

ባለፈው ሳምንት ሲስተር ትርንጎ ዓይኔን አስጨፈነችኝና የግራ እጄን ጠረጴዛው ላይ አስዘረጋችኝ። ከዚያ ዝም አለች። ውጭ ባጃጅ ያጓራል፣ ኮሪደሩ ላይ ሕፃን ያለቅሳል፤ እኔ ትንፋሼን ውጬ እጠብቃለሁ። ትንሿ ጣቴ ጫፍ ላይ አንድ ነገር አረፈ። ዝንብ ከእሱ ትከብዳለች።

«እዚህ» አልኩ በቀኝ እጄ እየጠቆምኩ።

«አሁንስ?»

«እሱ ደግሞ የቀለበት ጣቴ ነው።»

ዓይኔን ስገልጥ በእጇ የያዘችው ቁራጭ ጥጥ ነበር። መድኃኒትሽን ጨርሰሻል፣ የጣቶችሽ ስሜትም ተመልሷል፣ ከእንግዲህ የምትመጪው ለክትትል ብቻ ነው አለችኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ዘሎ ይስማት ነበር። እኔ ተጠራጠርኩ። ጫን አድርጋ ነክታኝ ይሆን? ሳላውቀው በሽፋሽፍቴ ሾልኬ አይቼ ይሆን? «ሲስተር፣ እስቲ እንደገና። አሁን ፊቴን በሻርፔ ሸፍኚኝ» አልኳት። (አንቺ በይኝ ያለችኝ ራሷ ናት፤ እርስዎ ስላት አሮጊት አታድርጊኝ ትላለች።) ሸፈነችኝ፣ ነካችኝ፣ አሁንም አወቅሁት። ሌላ ጊዜ ድገሚልኝ ስላት በሩ ላይ ሰልፍ አለ፣ ውጪልኝ ብላ አባረረችኝ። ያኔ ነው ያመንኩት። የታመመ ሰው እንደዚያ አይባረርም።

በዚያው ቀን ከሰዓት የፒያኖ አስተማሪዬ እትዬ ሂሩት፣ በመጪው ቅዳሜ በከተማችን አዳራሽ፣ በሕዝብ ፊት፣ ብቻዬን እንደምጫወት ነገሩኝ። በአንድ ቀን ሁለት ደስታ። ይኼ ራሱ ያጠራጥራል። ቢሆንም ደስታው ሆዴ ውስጥ አልቀመጥ ስላለኝ ይኼው እጽፋለሁ።

ስናፍቅሽ እባላለሁ። አሥራ አንደኛ ክፍል ነኝ፤ ተወልጄ ያደግሁት እዚሁ እንጅባራ ነው። መጻፍ የደፈርኩት በቅርቡ ነው። የአማርኛ አስተማሪያችን ድርሰቴን ለክፍሉ ሲያነብልኝ መጀመሪያ ሊያሾፍብኝ መስሎኝ ነበር፤ የምሩን መሆኑን ሳውቅ ግን የሚያቆመኝ ጠፋ። ይህን የምጽፈው እናንተም ክንድ ላይ፣ ወይም ልጃችሁ ጀርባ ላይ፣ ማንም ከቁም ነገር ያልቆጠረው ነገር ይኖር እንደሆነ ብዬ ነው።

ታሪኩ ያለ እትዬ ሂሩት አይጀመርም። እሳቸው ወደ እንጅባራ የመጡት እኔ ገና ትንሽ ተማሪ ሳለሁ ነው። ዕቃቸውን ባመጣው አይሱዙ ላይ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ አንድ ግዙፍ ነገር ነበር፤ ሰፈሩ ወጥቶ ቁም ሣጥን ነው፣ የሬሳ ሣጥን ነው እያለ ተከራከረ። ወንዶቹ ሲያወርዱት ከውስጡ እንደ ነጎድጓድ ያለ ድምፅ ሲወጣ አንዲት ሴትዮ አማተቡ። ፒያኖ ነው። እኔ በቴሌቪዥን አይቼ ስለነበር ትንሽ ጎረርኩ።

እትዬ ሂሩት እዚሁ ተወልደው በልጅነታቸው ወደ አዲስ አበባ ሄዱ። ከዚያ መንግሥት ለትምህርት ሃንጋሪ ላካቸው። ብርዱ ጣት በሚቆርጥ አገር፣ ቀኑን ሙሉ ፒያኖ ላይ ተቀምጠው ተማሩ። ተመልሰው በአዲስ አበባ ትልልቅ አዳራሾች፣ ከዚያም በውጭ አገር መድረኮች ተጫወቱ። ሳሎናቸው ውስጥ ፎቶው ተሰቅሏል፤ መሬት የሚጠርግ ጥቁር ቀሚስ ለብሰው፣ ከኋላቸው ቫዮሊን የያዘ ሰው ተደርድሮ። ከዚያ ሁሉ በኋላ፣ ገና በጉልምስናቸው፣ በድንገት መጫወት አቆሙ። የግራ እጃቸው ሁለት ጣቶች ወደ መዳፋቸው ታጥፈው ቀርተዋል። ለምን እንደሆነ የሚጠይቅ አልነበረም፤ የሚናገር ግን ሞልቷል። ባሏ የፒያኖውን ክዳን ዘግቶባት ነው ያለ አለ። መድረክ ላይ ዓይን በልቷት ነው ያለም አለ። አያቴ አባባ ዘለቀ ደግሞ ያለ ጥርጥር «ከፈረስ ወድቃ ነው» አሉ።

አባባ እንደዚያ ቢሉ አይፈረድባቸውም። በእኛ ቤት የተሰበረ ነገር ሁሉ ከፈረስ ወድቆ ነው። የእሳቸውም የቀኝ እጅ ጣቶች ታጥፈዋል፤ ዳማ የሚሉት ፈረሳቸው በጉግስ ላይ ጥሏቸው ነው ይባላል። ሲጥላቸው አየሁ የሚል ሰው ግን ገጥሞኝ አያውቅም። አባባ በወጣትነታቸው የታወቁ ፈረሰኛ ነበሩ። የሚፈላ ድስት በባዶ እጃቸው ከጉልቻ ላይ ያወርዱ እንደነበር፣ ፍም በጣታቸው አንሥተው ለጎረቤት እሳት ይሰጡ እንደነበር ሰው ሁሉ ያወራል። ለቅሶ ቤት እንኳ የሳቸው ጀግንነት ሳይነሣ አይቀርም። እኔም በዚያ ወሬ አድጌያለሁ፤ እንደሳቸው መሆን ነበር የምፈልገው።

ነገሩ የጀመረው በአንዲት ነጣ ያለች ምልክት ነው። ከግራ ክርኔ ዝቅ ብላ፣ ሳንቲም የምታህል። አታሳክክም፣ አታምም፣ አትደማም። እማዬ አይታ ቋቁቻ ነው አለች። አባዬ ከፋርማሲ ቅባት ገዛልኝ። ቅባቱ ሲያልቅ ምልክቷ ሰፍታ ጠበቀችን። ሌላ ቅባት ተገዛ። እንደዚሁ።

በመጨረሻ አባባ ትዕግሥታቸው አለቀ። ነጭ ሽንኩርት በጨው ወቀጡ፣ ምልክቷ ላይ ደፈደፉ፣ በጨርቅ አሰሩ። ነጭ ሽንኩርት ቆዳው ላይ የታሰረበት ሰው ያውቀዋል፤ እንደ ፍም ነው። የአክስቴ ልጅ በዚያ መድኃኒት ሰፈሩን በጩኸት ቀውጦት ነበር። እኔ የሒሳብ የቤት ሥራዬን እየሠራሁ ቁጭ አልኩ። አባባ ደጋግመው ፊቴን ያያሉ።

«አያቃጥልሽም?»

«አያቃጥለኝም።»

ጨርቁ ሲፈታ ቆዳዬ ውኃ ቋጥሮ ነበር። እማዬ ደነገጠች። አባባ ግን ተነሥተው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉ። ለጎረቤቱም፣ ከአዲስ ቅዳም ከሰል ጭነው ለመጡት ለአባዬ ደንበኞችም በአገውኛና በአማርኛ እያቀያየሩ ተናገሩ። ይህች ልጅ ዓይኗን አላርገበገበችም፣ አያቷን ወጥታለች፣ የፈረሰኛ ዘር ናት። ሰዎቹም አበጀሽ አሉኝ። አንዱም፣ አንድም ሰው፣ ለምን አላቃጠላትም ብሎ አልጠየቀም። በእኛ አገር ያላለቀሰ ልጅ ይመሰገናል እንጂ አይመረመርም። እኔም ምስጋናውን ጠጣሁት። ነገር ሁሉ የሚያጠራጥረኝ ልጅ፣ ሙገሳን ግን ለመጠርጠር አላሰብኩም።

ቀጥሎ ጣቶቼ መጡ። ያኔ እትዬ ሂሩት አንድ አዲስ ዜማ እያስጠኑኝ ነበር። የሚጀምረው በግራ እጅ ትንሿ ጣት ነው፤ ብቻዋን፣ ታች ያለውን ወፍራም ድምፅ ትመታለች፣ ሌላው ሁሉ በእሷ ላይ ይገነባል። እኔ ስጫወተው ያች ድምፅ ትጠፋለች። አንዳንዴ ትሰማለች፣ አንዳንዴ ሕልም ትሆናለች። እትዬ ሂሩት ወጥ ቤት ሆነው ይሰማሉ፤ «መሠረቱ የለም፣ ስናፍቅሽ» ይሉኛል። አልተለማመድሽም ብለው ጠረጠሩኝ። እኔ ፒያኖውን ጠረጠርኩ፤ አይጥ ገብቶበት ይሆናል ብዬ ክዳኑን አስከፍቼ በስልክ መብራት ፈተሽኩ። አይጥ የለም። ትንሿ ጣቴ እንደ ሌላ ሰው ጣት ሆናብኝ ነበር። ከቀለበት ጣቴ ጋር እየተጠጋች፣ ትንሽ ትንሽ እየታጠፈች።

ከዚያ የክሊኒኩ ዘመን መጣ። በሚኒባስ ዳንግላ፣ ከመናኸሪያው በጋሪ እስከ ክሊኒኩ። የጋሪው ፈረስ ስሙ ምን እንደሆነ ካልጠየቅሁ አልሄድም ነበር፤ ፍርሃቴን የምረሳው በእሱ ነው። አንዱ ክሊኒክ ነርቭ ነው ብሎ የቫይታሚን መርፌ አዘዘልኝ። ሌላው ራጅ አነሣኝና አጥንትሽ ደህና ነው አለ። ሦስተኛው ምን እንደምሠራ ጠየቀኝ፤ ፒያኖ ስለው ሳቀና «እሱን ተዪው፣ ይድናል» አለኝ። ወንበሮቹ ላይ አብረውኝ የሚጠብቁት ሰዎች ከሐኪሞቹ የበለጠ ብዙ መድኃኒት አዘውልኛል። አንዲት ከግምጃ ቤት ከተማ የመጡ እናት ግን ምንም አላሉኝም፤ ነጠላቸውን አጥፈው ትከሻዬ ላይ ጣሉልኝና እስኪጠሩ ድረስ እጄን በሁለት እጃቸው አሞቁልኝ። ያኔ ሙቀታቸው ግማሾቹ ጣቶቼ ላይ ብቻ እንደሚሰማኝ አስተዋልኩ። ለማንም አልተናገርኩም።

ቤት ውስጥ ጥርጣሬው እንጀራችን ሆነ። እማዬ የሰው ዓይን ነው ትላለች፤ እትዬ ሂሩት በረንዳ ላይ ቁጭ ብላ ስጫወት የምታዳምጠኝን ጎረቤታችንን ሰላምታ ነሳቻት። ጠበል ስንሄድ ቄሱ «ጠበሉንም ጠጪ፣ ሐኪም ቤቱንም አትተዪ» ሲሉ እማዬ ሰምታ እንዳልሰማች ሆነች። አባዬ ፒያኖውን ነው የሚጠረጥር። ለከሰል የተከልነው ግራራችን ለእኔ ሕክምና ሲባል ጊዜው ሳይደርስ ስለተሸጠ ብስጭቱን የሚጥልበት አጥቶ፣ አንድ ምሽት እራት ላይ ያ ሣጥን ልጄን ከሚያደርቃት ይቅርብኝ አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እትዬ ሂሩት ቤት የምሄደው በስርቆት ሆነ።

በስርቆት የሄድኩበት አንድ ቀን ነው ሁሉን ነገር ያወጣው። ጠዋት ከሰል ምድጃውን ሳነሣ ትንሿ ጣቴ ብረቱን ነክታ ኖሮ ጎኗ ተልጦ ነበር። እኔ አላየሁትም። እትዬ ሂሩት ናቸው ነጩ የፒያኖ ቁልፍ ላይ እርጥበት አይተው እጄን የያዙት።

«ይኼን መቼ ነው የተቃጠልሽ?»

«እንጃ። አያመኝም እኮ።» እንዲያደንቁኝ ጠብቄ ቀጠልኩ። «ነጭ ሽንኩርትም አያቃጥለኝም። አያቴን ወጥቻለሁ።»

አላደነቁኝም። ከፊታቸው ላይ ደም ሁሉ ሸሸ። ሻርፔን ራሳቸው አለበሱኝ፣ ፒያኖውን ሳይዘጉ ተነሡ፣ አባዬ ወዳለበት የከሰል መጋዘን ይዘውኝ ሄዱ። አባዬን ሲያናግሩት ድምፃቸውን አልጨመሩም። ይህችን ልጅ ነገ ሆስፒታል እወስዳታለሁ፤ ካልፈቀድክም እወስዳታለሁ አሉት። 

ሆስፒታሉ ውስጥ ከክፍል ወደ ክፍል ስንላክ ቆይተን በመጨረሻ ሲስተር ትርንጎ ጋ ደረስን። የእሷ ክፍል ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ነው፤ በሩ ላይ የሚጠብቁት ሰዎች እርስ በርስ አይተያዩም። ይኼም አጠራጠረኝ። ሲስተር ምልክቴን አየች፣ ከክርኔ ጀርባ ያለውን ጎድጓዳ በጣቷ ዳበሰች። በዚያ የሚያልፈው ነርቭ እንደ ገመድ ወፍሮ ነበር። ከዚያ ዓይኔን አስጨፍና በጥጥ ነካካችኝ። እኔ ገና መች እንደምትጀምር እየጠበቅሁ ነበር።

«ጨረስኩ» አለችኝ።

ዓይኔን ገለጥኩ። እትዬ ሂሩት ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረዋል።

ሲስተር ትርንጎ በሽታውን በስሙ ጠራችው። ሥጋ ደዌ። እንዲህ ብላ ደግሞ አስረዳችኝ። በጣም ዝግ ብሎ የሚሠራ ጀርም ነው፤ ቆዳና ነርቭ ውስጥ ይቀመጣል፣ ነርቩን ሲይዘው ስሜት ይጠፋል፣ ቀጥሎ ጡንቻው ይደክማል። እርግማን አይደለም፣ በዘር አይወረስም። መድኃኒት ካልጀመረ ሰው ጋር ለረጅም ጊዜ አብሮ በመኖር በትንፋሽ ይተላለፋል፤ ለዚያም አብዛኛውን ሰው አይዘውም። መድኃኒቱ በነፃ ነው፣ ስድስት ወር ይወሰዳል፣ ይድናል። ሐኪሙም መርምሮ ያንኑ አጸና።

እኔ የሰማሁት የመጀመሪያውን ቃል ብቻ ነው። በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ያየኋቸውን ሰዎች አሰብኩ። ተሳስታለች ብዬም ጠረጠርኳት፤ ወጣት ናት፣ ምን ታውቃለች። አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኋት። «ጣቴስ?»

እውነቱን ነገረችኝ። ጀርሙ ይሞታል፣ ያ እርግጥ ነው። የጣትሽን ግን ቃል አልገባልሽም። ነርቭሽ ካበጠ ብዙ ካልቆየ፣ እብጠቱን የሚያበርድ ሌላ ኪኒን አለ፤ ሊመለስ ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል። ማንም ሐኪም እንደዚያ ብሎኝ አያውቅም ነበር። ሁሉም ይድናል ነው የሚሉት። ስለዚህ ከሁሉም እሷን አመንኳት።

የመጀመሪያዎቹ ወራት ከባድ ነበሩ። ኪኒኑን የዋጥኩ ቀን ሽንቴ ቀይ ሆነ፤ ገደሉኝ ብዬ ጮህኩ፤ ለካ የመድኃኒቱ ቀለም ነው፣ ሲስተር ነግራኝ ነበር፣ አልሰማኋትም። አንዱ ኪኒን ቆዳዬን አጠቆረው። የእብጠቱ መድኃኒት ፊቴን እንደ ድፎ ዳቦ ነፋው። ሰፈሩ «ተመቸሽ መሰለኝ» ይለኛል። አንዱ ሰው ሲያስል ለእኔ ያሳለ ይመስለኛል። ክፍል ውስጥ አብራኝ የምትቀመጥ ጓደኛዬ ወደ ፊት ወንበር ሄደች፤ ሰሌዳው አይታየኝም አለች። እውነቷን ይሁን አይሁን እስካሁን አላውቅም። እማዬ ለሰው የቫይታሚን መድኃኒት ነው ትላለች፣ ቤት ግን ብርጭቆዬን ለይታ አስቀመጠችብኝ። ሲስተር ይህን ስትሰማ እማዬን አስጠርታ ተቆጣቻት። መድኃኒት የጀመረች ልጅ ለማንም አታስተላልፍም፣ አብራችሁ ብሉ፣ አብራችሁ ጠጡ አለቻት። በማግስቱ እማዬ ከእኔ ብርጭቆ ሻይ ጠጣች። ስትጠጣ እያየኋት ነበር፤ አንድ ጠብታ አላስቀረችም። እንደዚያ ያለ ፍቅር አላየሁም።

ሲስተር ትርንጎ አብረውሽ የሚኖሩና የሚቀርቡሽ ሁሉ መጥተው ይታዩ አለች። እዚህ ላይ ነው ጥርጣሬዬ ክፉ የሆነው። ከማን ያዘኝ? ሐሳቤ በቀጥታ ወደ ታጠፉት የእትዬ ሂሩት ጣቶች ሄደ። በአንድ ወንበር ላይ ትከሻ ለትከሻ ነው የምንቀመጠው። ያ ሁሉ ምስጢር፣ ያ በድንገት የቆመ ሥራ። ሐሳቡ ተጣበቀብኝ። አንድ ቀን እንዲመረመሩ ስነግራቸው የገባቸው ይመስለኛል፤ ጣቶቻቸውን ሳይሆን ዓይኔን ነበር የሚያዩት። ምንም አላሉኝም። በማግስቱ ከማንም ቀድመው ሆስፒታል ሄዱ፣ እኔንም ይዘውኝ። በሰው ፊት ሻርፓቸውን አውልቀው ሁለት እጃቸውን ሲስተር ጠረጴዛ ላይ ዘረጉ።

ምንም የለባቸውም። ጥጡ በነካቸው ቁጥር፣ የታጠፉት ጣቶች ላይ እንኳ፣ ያለ ስሕተት ጠቆሙ።

ስንመለስ መንገድ ላይ ነው የነገሩኝ። ትልቅ ዝግጅት ነበረባቸው፤ ከሁሉ የሚበልጥ። እጃቸውን ወራት ሙሉ ሲያማቸው ከረመ። ዝግጅቱን መሰረዝ ስላልፈለጉ ማደንዘዣ መርፌ እየተወጉ ተለማመዱ፣ ተወግተው መድረክ ወጡ። ሕዝቡ ቆሞ አጨበጨበ። መርፌው ሲለቃቸው ጅማቱ ተበጥሶ ነበር።

«ሕመም ጠላት ይመስለኝ ነበር» አሉኝ። «ዘበኛ ነው፣ ልጄ። ዘበኛው ዝም ካለ ቤቱ ውስጥ ሌባ አለ። አንቺ አያመኝም ስትዪ ለዚያ ነው እንደዚያ የሆንኩት።»

አፍሬ የሻርፓቸውን ጫፍ ይዤ ሄድኩ። ከእጄ አልነጠቁኝም፤ ይቅር ብለውኛል ማለት ነው።

እማዬና አባዬ ተመረመሩ፣ ነፃ ናቸው። አባባ ቀሩ። አባባ እንቢ አሉ። እኔን ፈረስ ሰበረኝ እንጂ በሽታ አልሰበረኝም አሉ። አባዬ ለመናቸው፣ እማዬ አለቀሰች፤ በአገውኛ ተቆጥተው ወጡ። ሳምንታት አለፉ። እኔ እውነቱን ልነግራቸው ስል የሚታየኝ ያ ሁሉ ወሬ ነው፤ የሚፈላው ድስት፣ ፍሙ፣ ለቅሶ ቤት የሚነሣው ጀግንነት። ያንን ከሳቸው ላይ መቀማት ሆነብኝ።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ጓሮ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ቀኝ እጃቸው በጨርቅ ተጠቅልሏል። ሽታው ከሩቅ ተቀበለኝ። ነጭ ሽንኩርት።

«ምን ሆነዋል አባባ?»

«ቁጭ በይ። እየጠበቅሁ ነው።»

«ምኑን?»

«እስኪያቃጥለኝ።»

አጠገባቸው ቁጭ አልኩ። ዶሮዎቹ እግራችን ሥር ይጭራሉ። ፀሐይዋ ከግድግዳው ወረደች። በመጨረሻ ጨርቁን ራሳቸው ፈቱት። ቆዳቸው እንደኔው ውኃ ቋጥሯል። የሌላ ሰው እጅ ይመስል አገላብጠው አዩት።

«እንግዲያ ጀግና አልነበርኩም ማለት ነው?» አሉኝ።

 የመጣልኝን ተናገርኩ። «የሆስፒታሉ ሰልፍ ረጅም ነው፣ አባባ። ነገ ሰው እያየ ከእኔ ጋር ከተሰለፉ፣ ከፈረሰኛው ሁሉ እርስዎ ይበልጣሉ።»

ጨርቁን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። ከዚያ «ፈረስ ያስገባሉ?» አሉ።

ፈረስ አላስገቡም፤ በባጃጅ ሄድን። አባባ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ወደ ጉግስ እንደሚወጣ ሰው ቀጥ ብለው ተሰለፉ። በሽታው ሳይታወቅ ለብዙ ዘመን ኖሮባቸዋል። ሲስተር ትርንጎ ለእኔ ያስተላለፉት እሳቸው ይሁኑ ሌላ ሰው ማንም ሊያውቅ አይችልም ብላ ለሁለታችንም ነገረችን፤ እኔ ግን እሳቸው የማያምኑትን ሰው እንደሚያዩ አድርገው ሲያዩዋት አየሁ። እጃቸው አይዘረጋም፣ ጊዜው አልፎበታል። ኪኒናችንን ግን አብረን ነበር የምንውጠው፤ ማን ቀድሞ እንደሚውጥ እየተሽቀዳደምን።

የእኔ ጣት እንዴት እንደተመለሰች ልንገራችሁ። ቀስ እያለ ነው። ሲስተር ያሳየችኝን እንቅስቃሴ ጠዋት ማታ እሠራለሁ፤ ክንዴን በዘይት አሻለሁ፤ ምንም የለም፣ ምንም የለም። አንድ ቀን ቁርስ ላይ የሻይ ብርጭቆ ሳነሣ ትንሿ ጣቴ ብርጭቆውን ነካች። አቃጠለኝ። ብርጭቆውን ወለሉ ላይ ለቅቄው ጮህኩ። እማዬ ሮጣ መጣች። «አቃጠለኝ» ስላት እማዬ፣ ልጇ የተቃጠለችባት እናት፣ እልል አለች። ያች ሰላምታ የተነፈገችው ጎረቤታችን ምን ተገኘ ብላ ብቅ አለች፤ እማዬ አቀፈቻት። ታርቀው ቀሩ።

ከሰዓት በኋላ እትዬ ሂሩት ቤት ሄጄ ያንን ዜማ ጀመርኩት። አሁን አባዬ ራሱ ነው በባጃጅ የሚያደርሰኝ። እሳቸው ወጥ ቤት ነበሩ። የመጀመሪያዋን ድምፅ መታሁ፤ ታች ያለችውን። ቀጭን ነበረች፣ ግን ነበረች። ከወጥ ቤት የሳህን ድምፅ ቆመ። አበጀሽ ይሉኛል ብዬ ጠበቅሁ። «እንደገና» አሉኝ። በነጭ ሽንኩርቱ ጊዜ ካገኘሁት ሙገሳ ሁሉ ያች ቃል ትበልጥብኛለች።

እንግዲህ ቅዳሜ ከሰዓት በከተማው አዳራሽ ኑ። ፒያኖው በአይሱዙ ይመጣል፤ ሲወርድ ቢያጉረመርም አትፍሩት። አባባ ፊት ወንበር ላይ የታጠፈ እጃቸውን ሳይደብቁ ይቀመጣሉ፤ ስለ ፍሙ ጠይቋቸው፣ አሁን እውነተኛውን ይነግሯችኋል። ሲስተር ትርንጎም በሩ ላይ ጥጧን ይዛ ትኖራለች። የማያሳክክ፣ የማያምም ነጣ ያለ ምልክት ያለባችሁ፣ ጣታችሁ የደነዘዘባችሁ፣ እሳት የማይሰማችሁ «ጀግኖች» መጀመሪያ ወደ እኔ ኑ ብላለች። ዓይናችሁን ጨፍኑና የነካቻችሁን ቦታ ንገሯት፤ ሌላ ምንም አትጠይቃችሁም።

ከዚያ ግቡና አዳምጡኝ። የመጀመሪያዋ ድምፅ የትንሿ ጣቴ ናት፣ ብቻዋን ነው የምትመጣው። ካልሰማችኋት ዝም ብላችሁ አታጨብጭቡልኝ፤ ንገሩኝ።